የደንገል ታንኳና ቁራሽ ዳቦ

ታንኳን በፖስት ካርድ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ከሥሪቱ ልጀምር። የጣና ታንኳ ምስማር የሚባል ነገር አያውቅም። ደንገል ታጭዶ ይደርቃል፤ ነዶው በነዶ ላይ እየታሰረ ይገጠማል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በቃ። ውሃ ያስገባል፤ መስመጥ ግን አይወድም። ተቀማጩ እንዳይረጥብ ከውስጡ ሌላ የደንገል መደብ ይነጠፍለታል። ቀዛፊው ረጅም ዘንጉን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያጠለቀ ይነዳዋል፤ ልክ ፈረንጆች በካያክ እንደሚያደርጉት። ማታ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» በተባለች የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው፤ ሠሪዎቹን ግን ከቻድ አስመጣ። (የኛዎቹ ምን ጎደላቸው? እስካሁን ያናድደኛል።) «ራ»ም ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ቀረች።

በጥር 2001 ዓ.ም. አራት ጓደኛሞች ከባሕር ዳር የሞተር ጀልባውን ትተን በታንኳ ወጣን። ሁለት ታንኳ፣ ሁለት ቀዛፊ፤ አባትና ልጅ። ክብራንና እንጦስ ከሩቅ ይታያሉ፤ የኛ ጉዞ ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ወዳለችው ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ነበር። በማለዳ ውሃው ዝም ብሏል። በታንኳ ስትሄድ ሐይቁን ከላይ አታየውም፤ ከወገብህ በታች እርሱ ነው። ዳክዬው ካንተ ዓይን ጋር እኩል ነው።

ድንገት ሽማግሌው ዘንጋቸውን አነሡ። ፊት ለፊታችን ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን ብቅ ብሏል። ጉማሬ! ማንም አልተነፈሰም። ጠልቆ እስኪርቅ ጠበቁና በዳር አዞሩን። «አያቴ ቢሆኑ አያሳልፉትም ነበር» አሉ እየሳቁ።

አያታቸው ነገደ ወይጦ ነበሩ፤ እሳቸውም ናቸው። ጉማሬ አዳኝ፣ ታንኳ ሠሪ፣ ጣናን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ። ጎረቤቱ ግን ጉማሬ ይበላሉ ብሎ ሲጸየፋቸው ኖሯል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚህ ሲያልፍ ስለ ቋንቋው ለማወቅ ጓጉቶ ንጉሡ ሁለት ወይጦዎች እንዲያስመጡለት አድርጎ ነበር። ሰዎቹ በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም አንድም መልስ አልሰጡም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ይስቁ ነበር። እኔን አያስቀኝም።

ምሳችንን ደሴቷ ላይ ከዛፍ ሥር ዘረጋን፤ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሎሚ። ልጁ ሳይግደረደር መጥቶ ተቀመጠ። አባት ግን ማንም ሳይነግራቸው ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጡን።

«አባቴ፣ ይምጡ እንጂ!» አለች ከመሃላችን አንዷ።

«ብሉ ልጆቼ፣ እኔ በልቻለሁ።»

አልበሉም፤ ከነጋ አብረን ነበርን። ሥጋ ቢሆን የሃይማኖት ነገር ነው፣ እሳቸው ሙስሊም እኛ ክርስቲያን እንል ነበር። የቀረበው ግን ዳቦና ቆሎ ነው። የዚያው አገር ተወላጅ የሆነው ጓደኛችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተያቸው፤ ልማዳቸው ነው» አላት።

«የነሱ ነው የናንተ?»

ልጁ የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። ከዚያ በላይ የተናገረ የለም። እሷ ከድፎው ትልቅ ቁራሽ ቆርጣ ሄደችና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ቁራሹን ለሁለት ከፈለች። ሽማግሌው ዳቦውን ትንሽ ጊዜ በእጃቸው ይዘውት ቆዩ። ከዚያ በሉ። የተባባሉት አልተሰማኝም፤ ብዙ ግን አወሩ።

ስንመለስ ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ይገፋን ጀመር። «ልማዳቸው ነው» ያለው ጓደኛችን የተሳፈረው ከሽማግሌው ጋር ነበር። ማዕበሉ በመታን ቁጥር እሳቸው ወደ ኋላ ዞር እያሉ «አይዞህ ልጄ፣ ያዝ!» ሲሉት እሰማለሁ። መዋኘት አይችልም፤ ይዞ ነበር።

ዳር ደርሰን ሒሳብ ከከፈልን በኋላ የድሮ መምህርነቴ አላስቻለኝም። ከአያቶቻቸው ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ያስታውሱ እንደሆን ጠየቅኋቸው። ከልጃቸው ጋር ታንኳውን አንሥተው ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አቆሙትና፣ «ቢኖር ለናንተ የምንሰጣችሁ ይመስልሃል?» አሉኝ። ፈገግ ብለዋል። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁም።

ዛሬ የሐይቁ ዳር ደንገል ለእርሻና ለግንባታ እየተመነጠረ ሳስቷል። ያች ጓደኛችን ውጭ አገር ናት። በስልክ ባገኘኋት ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ሽማግሌው ነው።