በር መሆኗን ያልተወች በር

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች፣ ድንጋይ በሰማይ በርሮ ወደ አገሩ ሲገባ እናያለን ብለን ከቶ አላሰብንም ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ወደ ሮም የተጋዘው፣ ቁመቱ 24 ሜትር ግድም የሆነው ሐውልት፣ ኢጣልያ የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውል ከፈረመች በኋላ እንኳ፣ በባዕድ አደባባይ ቆሞ ሲቀር፣ እዚህ የጠባቂዎቹ ጠጕር ሸበተ፤ ብዙዎችም የጠበቀውን አይቶ ያረፈውን የአረጋዊውን የስምዖንን ዕድል ሳያገኙ አንቀላፉ።

ወዳጄ ሆይ፣ ተስፋ ምንድን ነው ብትለኝ፣ ከሐውልቱ ግርጌ የተቀረጸችውን የድንጋይ በር አሳይሃለሁ፤ ተከፍታ አታውቅም፤ በር መሆኗን ግን ከ1,600 ዓመት በላይ አልተወችም።

እነሆ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ፣ ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ በአክሱም ቆመ። እንግዲህ ትዕግሥት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይሆን፣ የሚመለሰው እስኪመለስ ድረስ ስፍራውን በጽናት ጠብቆ ማቆየት ነው።