ከመሪው በስተጀርባ

ብዙ ሰው መኪና መንዳት የሚያስተምረው ከተማሪው ጎን የሚቀመጠው መምህር ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት አጎቴን በመኪና መንጃ ትምህርት ቤታቸው ሳግዝ የማይታየውን ሥራ ተመለከትሁ። መካኒኩ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የጎማውን ንፋስ፣ የፍሬኑን ዘይት፣ በመምህሩ እግር ሥር ያለውንም ሁለተኛ ፍሬን ይመረምራሉ። ጀማሪ ፍሪሲዮን ስለሚያቃጥል ጥገናው ዕረፍት የለውም።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጅ ረገጠ፤ ከፊቱም ሕፃን ይሻገር ነበር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። መምህሩ በራሳቸው ፍሬን አቆሙት፤ ሕፃኑም ዳነ። ሁሉም መምህሩን አመሰገነ። ያንን ፍሬን በዚያው ጧት ያጠበቁትን መካኒክ ግን ማንም አላስታወሳቸውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የተሳካ ሥራ ባየን ጊዜ ጎሕ ሲቀድ የተነሣውንም ሰው እናስብ።