ሥዕልና ዕጣን በኮሎኝ ከተማ

የጉንደ ወይን ልጅ የሥዕልን ፊደል የሚቆጥረው በሙዚየም አይደለም። ከሞጣ እስከ ቢቸና ባለው በዚያ አገር ሥዕል ማለት ዕጣኑ እየጤሰ ከመጋረጃው ኋላ ብልጭ የሚል የመቅደስ ግድግዳ ነው። በደብረ ወርቅ ማርያም ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሣላት የሚነገርላት ሥዕለ ማርያም አለች፤ ሕዝቡም ይሳለማታል እንጂ ጎበኛት አይባልም።

በራይን ወንዝ ዳር ወዳለው የቫልራፍ ሪሃርትዝ ሙዚየም የገባሁት ይህንኑ ዓይን ይዤ ነው። ስቴፋን ሎኽነር በ15ኛው ምዕተ ዓመት የሣላት ማርያም በጽጌረዳ አጸድ ተቀምጣ፣ በመላእክት ተከባ፣ በወርቅ መደብ ላይ ታበራለች። ለአንድ አፍታ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ከጎኔ የቆሙት ግን የሥዕሏን ዘመን እያነበቡ አለፉ። ጫማ ያወለቀ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

በ1802 እ.ኤ.አ. የኮሎኝ ገዳማት ሲዘጉ የመንበር ሥዕሎቻቸው ተበተኑ። ፈርዲናንድ ፍራንዝ ቫልራፍ የተባለ ምሁር ያገኘውን ሰበሰበ፤ በ1824 ሲሞትም ለከተማይቱ አወረሰ። እርሱ ባይኖር ብዙው በጠፋ ነበር። ቢሆንም ለደብረ ወርቅ ቫልራፍን አልመኝላትም፤ ጣሪያ የሚጠግንና ቀለም የሚያውቅ ባለሙያ ይበቃታል።

አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን ያስጌጡ የነበሩት ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በዚህችው ኮሎኝ ተምሯል። የእርሱንም ሥራዎች ኋላ ጀርመኖች ጠብቀው አቆዩለት፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በስሙ ሙዚየም ሲከፈት አገራቸው ገቡ። የተመለሱት ግን ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው፤ ሠዓሊው በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት፣ በአሜሪካ አገር አርፏል።