እነሱ ተቀብለውናል፤ እኛስ መርጠናል ወይ?

ከዚሁ ት/ክፍል በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ ከወጣሁ አራት ዓመት አለፈኝ። የቡለቲኑ አዘጋጆች «ለታናናሾችሽ የሚጠቅም አንድ ነገር ጻፊ» ሲሉኝ ብዙም አልተቸገርኩም። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አግኝቼ አንዱን እስክመርጥ ድረስ ያለፍኩበትን ላጫውታችሁ ወሰንኩ። ተመራቂዎች ዘንድሮ ይደርስባችኋልና ልብ ብላችሁ አንብቡት።

እኛ አገር ትልቁ ችግር መግባቱ ነው ብለን ስለምናምን ስለ መምረጥ ብዙ አናወራም። ማስረጃ ማሟላቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ መለመኑ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያስጀመረውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፉ… ይህን ሁሉ ተወጥቶ ስሙ የወጣለት ሰው «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ሄጄ ልየው» ቢል ጥጋበኛ ነው የሚባለው። አሜሪካን አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ለዶክትሬት የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ብዙ ት/ክፍሎች በየካቲትና በመጋቢት ግድም ይጋብዟቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ መጓጓዣውንም ይሸፍኑላቸዋል። እንግዳው ተማሪ ከፕሮፌሰሮቹ ጋር ይነጋገራል፣ ነባሮቹን ተማሪዎች ያገኛል፣ ቤተ ሙከራውን ያያል። ደግሞም ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እ.ኤ.አ. እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ መልስ ስጥ ተብሎ አይገደድም። ይኸውም ተማሪው አማራጮቹን አስተያይቶ እንዲወስን ነው። ለእኛ የአውሮፕላን ቲኬት የሚልክልን የለም። አውቶቡስ ግን አለ! ይህን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እኔም በአውቶቡስ ሄጄ ነው ያየሁት።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እንደተመረቅኩ በአንድ ወረዳ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠራሁ። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ሲመጣ ከገበሬው ጋር እርከን እናወጣለን፣ ጎርፍ የቦረቦረውን እንክትራለን። ሁለት ጎረቤታሞች ቀበሌዎች ነበሩኝ። በአንዱ ቀበሌ የተሠራው እርከን ሣር በቅሎበት፣ ለከብት መኖ እየታጨደ እስከዛሬ አለ። በሌላኛው ግን ክረምት ሲገባ እርከኑ ከማሳው ጋር አብሮ ይታረሳል። አፈሩ አንድ፣ ዳገቱ አንድ፣ ያሠራኋቸውም እኔው ነኝ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትኩት ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ሁለት ቦታ አለፍኩ። አንደኛው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአፈር ሳይንስ፣ ሁለተኛው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በተፋሰስ አያያዝ። መሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጠኝ እንጂ ወጪዬን የሚችልልኝ የለም። የምትከፍልልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እታለም ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደስታዬን ልነግራት በኢሞ ስደውልላት መጀመሪያ እልል አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ስሚኝ እህቴ» አለችኝ። «ዘንድሮ ጠቅልዬ ልገባ ነበር። ላንቺ ስል ሁለት ዓመት እጨምራለሁ። ሦስተኛውን ግን እንዳትጠይቂኝ፤ ወገቤም እሺ አይለኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርጫው የእኔ ብቻ አልሆነም። እዚህ አንድ ሴሚስተር ሲጓተትብኝ እዚያ እሷ አንድ ሴሚስተር የሰው ቤት ትጠርጋለች ማለት ነው።

ምክርማ ሞልቷል! አባቴ «ስም ያለው ቦታ ሂጂ፣ ሐረማያ አንጋፋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ድሮ ዓለማያ ይባል የነበረው ይህ ተቋም በ1940ዎቹ ከአሜሪካው የኦክላሆማ የግብርናና መካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር የተመሠረተ ነው። የአገራችን ስንት የግብርና ባለሙያ የወጣው ከዚያ ነው። የቢሮ ጓደኞቼ ደግሞ «ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ የደመወዙ እርከን እንደሆነ አንድ ነው፤ ቅርቡን ያዢ» አሉኝ። የዚህም የዚያም ምክር አንድ ጎድሎት ነበር፤ ጥያቄዬ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ስለዚህ ሄጄ ለማየት ቆረጥኩ። ካጠራቀምኳት ላይ የመሳፈሪያ ቆረስኩና መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አቀናሁ። ጭሮን፣ ሂርናን፣ ቁልቢን አልፎ ሐረማያ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግቢውን አዞረኝ፤ ሐይቁንም አሳየኝ። ሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ደርቆ ነበር። ከዙሪያው ኮረብታ የሚታጠበው ደለል ሞላው፤ ለከተማና ለመስኖ፣ በተለይም ለጫትና ለአትክልት የሚሳበው ውሃም በዛበት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውሃው ተመልሷል። እኔም አፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ አንድ መምህር ቢሯቸው ተቀበሉኝ። ከማመልከቻዬ ጋር ያያያዝኩትን የጥናት ሐሳብ አንብበውት ኖሯል። ሻይ አስመጡልኝና እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ ከገባሽ ጥሩ የአፈር ባለሙያ እናደርግሻለን። ከማሳው ስንት ቶን አፈር እንደሚታጠብ፣ ምን ያህል ናይትሮጂን እንደቀረው ትለኪያለሽ። አንቺ የጠየቅሽው ግን ይህን አይደለም። ‹አፈሩ አንድ ከሆነ ገበሬው እርከኑን ለምን አረሰው?› ነው ያልሽው። ይህ አፈሩ ላይ ያለ ጥያቄ አይደለም፤ ሰዉ ላይ ያለ ነው። ወንዶ ገነትንም ሳታዪ እንዳትወስኚ።» ተማሪ ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ ይህን የመከሩኝን መምህር ምን ብዬ ላመስግናቸው? ሐረማያን ለመምረጥ ሄጄ ከሐረማያ ያገኘሁት ትልቁ ስጦታ ይህ ምክር ነው።

ወንዶ ገነት ከሻሸመኔ ቅርብ ነው። ፍል ውሃውን ሁሉም ያውቀዋል። ኮሌጁ በ1970 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ የደን ተቋም ሆኖ የተጀመረ ሲሆን፣ ከግቢው በላይ ጉሬዛ የሚዘልበት የተፈጥሮ ደን አለ። መቼም ያማረ ቦታ ነው! ነገር ግን ውበቱ ሁለት ዓመት አያስተምርም ብዬ ተማሪዎቹን ፈለግኩ። ሦስት ሴቶች መኝታ ክፍላቸው አስገብተው ቡና አፈሉልኝ። እኔም ጥያቄዬን አዘነብኩባቸው። «አማካሪሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘሽው መቼ ነው?» ስላት አንዷ ስቃ ረቂቋን አወጣች። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ደም መስሏል። «ባለፈው ሳምንት» አለችኝ። ሌላዋ መረጃ የምትሰበስበው በፊት ከሠራችበት ወረዳ ነበር፤ ማደሪያዋ የዘመድ ቤት፣ አስተርጓሚ አያሻት። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ ጠራ። እኔም ሁለቱ ቀበሌዎቼ ጋ ተመልሼ ገበሬዎቹን ብጠይቅ የሚያስወጣኝ የታክሲ ሒሳብና ወረቀት ነው። ብዙ የአፈር ናሙና አስመርምሬ ልጨርስ ካልኩ ግን ለእያንዳንዱ ምርመራ ገንዘብ አለ፤ ገንዘቡ ደግሞ የእታለም ነው።

ወንዶ ገነትን መረጥኩ። መምረጥ መተውም ነውና የተውኩትን አልደብቃችሁም። በቤተ ሙከራ ሥራ ከሐረማያ ተማሪ እኩል አልሆንም። አባቴም ስሙን አልወደደውም፤ ለጎረቤት ሲያወራ እስከዛሬ «ሐረማያም አልፋ ነበር» ማለት አይተውም። እነዚህን ዋጋዎች አውቄ ነው የገባሁበት። ስመዘገብ ልቤ ያልተከፈለው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ! ያልመረጣችሁትን ቦታ ዝም ብላችሁ አትቅሩበት። እኔ በዚያው ሳምንት ለሐረማያ አጭር የምስጋናና የይቅርታ ደብዳቤ ላክሁ። ተጠባባቂ ሆኖ የሚጨነቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ለመምህሩም ለብቻቸው ደወልኩላቸው። «እርከኑን ለምን እንዳረሱት ስታውቂ እኔንም ንገሪኝ» ብለው መረቁኝ።

ለእናንተ የምለው እነሆ። ስትሄዱ ኃላፊውን ብቻ አነጋግራችሁ አትመለሱ፤ ሁለተኛ ዓመት የደረሱትን ፈልጉ። ከእናንተ በፊት የገቡት ስንቶቹ በሁለት ዓመት እንደጨረሱ ጠይቁ። አማካሪ የሚሆናችሁ መምህር ስንት ተማሪ እንደያዘና ለትምህርት ወይም ለሥራ ሊሄድ እንደሆነ አጣሩ። ቤተ ሙከራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ «መሣሪያው አለ ወይ?» አትበሉ፤ «ባለፈው ሴሚስተር ማን ተጠቀመበት?» በሉ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሌላ ተቋም ያለ ጓደኛዬ መሣሪያው መኖሩን አረጋግጦ ነው የገባው። መሣሪያው እውነትም አለ፤ ኬሚካሉ እስኪገዛ ከነካርቶኑ ተቀምጧል! መሄድ ካልቻላችሁ ደግሞ የአንድ ተማሪ ስልክ አፈላልጋችሁ ደውሉ። የአሥር ደቂቃ ስልክ የሁለት ዓመት ጸጸት ያድናል።

ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ሐረማያ ያሉት መምህር ሊመክሩኝ የቻሉት ጥያቄዬ ወረቀት ላይ ስለነበረ ነው። ቸር እንሰንብት፤ መልካም ምርጫ!