«ምንም ውጤት አልተገኘም»

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ስለ አንድ የራሴ ጥፋት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በዲፕሎማ ተመርቄ አይሲቲ ነው የማስተምረው። አፕ መሥራት ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ማታ ማታ ከዩቲዩብ እየለቀምኩ በአሮጌ ላፕቶፕ የተማርኩት ነው። ዘንድሮ የክፍሌ ልጆች ሮስተር ከበው ከሚጋፉ የመንፈቀ ዓመት ውጤታቸውን በስልካቸው ይዩት ብዬ አንዲት ትንሽ የአንድሮይድ አፕ ሠራሁ። ተማሪው መለያ ቁጥሩን ያስገባል፣ አፑ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ውጤቱ ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እሁድ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ስፈትሽ የሰርቨሩ መልስ በትክክል መድረሱን ለማየት አንዲት መስመር ጨመርኩ። መልሱን ሎጉ ላይ የምታትም መስመር ናት። ሎጉን አየሁ፤ የሁሉም ትምህርት ውጤት ተዘርግፏል። ደስ አለኝ። የስልኩን ስክሪን ግን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ፋይሉን የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቅቄ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ «ቲቸር፣ ምንም ውጤት አልተገኘም ነው የሚለው» አሉኝ። እኔም ሳልመረምር «ኔትወርክ ነው፣ ቆይታችሁ ሞክሩ» አልኳቸው። መቼም እኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም።

ማክሰኞም ያው። ልጆቹ በአፔ መሳቅ ጀመሩ። አንዷ ግን ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ክፍል አልገባችም። (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ስሟን ግን አልጠቅስም።) አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ስጠይቃት «ቲቸር፣ ውጤቷ ተሰርዟል እኮ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ እናቷ ታመውባት ሁለት ፈተና አምልጧት ነበር። በኋላ ተፈትናለች፣ ውጤቷም ገብቷል። እሷ ግን ያንን ጽሑፍ ስታይ የቀረችባቸው ቀናት ተቆጥረው ከዝርዝር የወጣች መሰላት። ሌላው ልጅ «አፑ አይሠራም» ብሎ ያለፈውን እሷ በራሷ ላይ እንደተፈረደ ፍርድ አነበበችው።

ያን ዕለት ማታ ከላፕቶፑ ፊት ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ኔትወርኩን አየሁ፤ ይሠራል። ቀጥሎ አፑ የሚጠይቀውን አድራሻ በብሮውዘር ከፈትኩት፤ ውጤቱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩም ደህና ነው። የመልሱን ኮድ አየሁ፤ 200 ይላል። «ጥያቄህ ደርሶኛል፣ ተሳክቷል» ማለት ነው። ሎጉ ላይ ሙሉ፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ! እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አፈጠጥኩበት።

በመጨረሻ ዘጠነኛ ክፍል ላስተማርኩት፣ አሁን ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ልጅ ኮዱን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ።

«ቲቸር፣ ካች ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም።»

«ለምን?»

«አፑ እንዳይዘጋብኝ ብዬ።»

ትንሽ ዘገየና «እስቲ ስህተቱን እዚያ ውስጥ ያትሙት» አለኝ። አተምኩት። «ተዘግቷል» የሚል መልእክት ወጣ።

ለማታውቁት ላብራራ። እኔ የተጠቀምኩበት ላይብረሪ ኦኬኤችቲቲፒ ይባላል። በእሱ በኩል የሚመጣ መልስ ኪስ ውስጥ እንደሚቀመጥ ደብዳቤ አይደለም፤ ከቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ ነው። መልሱ በጣም ትልቅ ሊሆን ስለሚችል ላይብረሪው አያጠራቅመውም። «ስትሪንግ» ብላችሁ አንዴ ስትቀዱት እስከ መጨረሻው ይወርዳል፣ ቧንቧውም ይዘጋል። እሁድ ማታ የጨመርኳት የሎግ መስመር ውሃውን ቀድማ ቀድታ ጨረሰችው። ውጤቱን የሚያነበው መስመር ሲደርስ ቧንቧው ተዘግቷል። ኮዱ ጮኾ ነበር፤ ባዶ ካች አስቀምጬ አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ። የውጤቱ ዝርዝር ሲጀመርም ባዶ ስለነበር አፑ ባዶውን አይቶ «ምንም ውጤት አልተገኘም» አለ።

መፍትሔው ቀላል ነው። መልሱን አንድ ጊዜ ብቻ ቀድታችሁ ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡት፤ ሎጉም አንባቢውም ከዚያ ይውሰዱ። ካች ውስጥ ደግሞ ቢያንስ ስህተቱን አትሙ።

እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። 200 ብሎ ባዶ ዝርዝር ቢመጣ «ፈልጌ ነበር፣ የለም» ማለት ነው። 204 ቢመጣ «ተሳክቷል፣ የምልከው ይዘት ግን የለኝም» ማለት ነው። ማንበብ ሲያቅት ደግሞ «ማየት አልቻልኩም» ነው። «የለም» እና «ማየት አልቻልኩም» አንድ አይደሉም። እኔ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልዬ ለአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «የለሽም» አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት በጓደኛዋ በኩል አስጠራኋት። የወረቀቱን ሮስተር ዘርግቼ አሳየኋት። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች እስከ ድምሩ ድረስ አየችው።

«ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ለፈተናው አንዴ አስቸግሬዎታለሁ፤ ደግሜ መምጣት አፈርኩ።»

ክፍል ገብቼ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ትምህርቱን ጀመርኩና እንደ ልማዴ «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ። ሌላ ቀን ቢሆን አልፌ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ጠመኔውን አስቀምጬ በየዴስኩ ዞርኩ። ያልገባቸው ብዙ ነበሩ።

አዲሱ ቨርዥን ግሩፑ ላይ አለ፤ አሮጌውን አጥፉት። አሁን ውጤት ካልገባ «ገና አልገባም» ይላል፤ አፑ ማንበብ ካቃተው ደግሞ «ችግሩ የአፑ ነው፣ መምህራችሁን ጠይቁ» ይላል።

አፕ የምትሞክሩ ልጆች፣ ያልገባችሁ ነገር ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ብቻ ዝም አትበሉኝ።