የአባባን ፈረስ ማን በላው?

«የአባባን ፈረስ ዳኛ በላው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። አባባ የሚባሉት የእናቴ አያት ናቸው። የአገው ምድር ሰው፣ የዳንግላ አካባቢ ባላገር፣ አንደበታቸው የተፈራ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ርስቱ የተነካበት፣ ድንበሩ የተገፋበት ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። እሳቸውም ፈረሳቸውን ጭነው የሰው ነገር ሊከራከሩ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን ከችሎት በእግራቸው ተመለሱ። ታሪኩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ የቀረችን ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት።

ዓረፍተ ነገሯ ግን ቤታችንን ስትገዛ ኖራለች። አያቴ ከልጆቿ አንዱም የፍርድ ቤት ሥራ እንዲይዝ አልፈቀደችም። እናቴም «ዳኛ» የሚለውን ቃል ስታነሣ ፊቷ ይጠቁራል።

እኛ አሁን የምንኖረው ሮዝዌል ነው፤ ከአትላንታ በስተሰሜን፣ ከቻታሁቺ ወንዝ ማዶ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ልጄ የሕግ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ይህችው ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ፈረስ ነፍሷ ነው፤ ጎረቤታችን አልፋሬታ፣ ዊልስ ፓርክ ሜዳ ላይ የፈረስ ውድድር ሲኖር ከዚያ አትጠፋም። የምሥራቹን ስንነግራት እናቴ ቡና ላይ ነበረች። ቶናውን ቀድታ ሲኒውን እንደያዘች፣ «ፈረስና ሕግ እኛን አይወዱንም» አለችና በረካው ሳይደርስ ተነሣች። ልጄ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። የአባባን ፈረስ ነገር ልከተለው የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ቼ በለው» ነው፤ በ1961 ዓ.ም. የወጣ የፈረስ ስም ጥናት። የአባባን ስም አገኛለሁ ብዬ አይደለም፤ የፈረስ ስም የነገሥታትና የመኳንንት ማዕረግ ነው። ግን ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እያልኩ ስሄድ ምኒልክ ላይ ደርሼ ቆምኩ። አባ ዳኘው። ስንት ጊዜ ሰምቼው ይሆን? ዳኘው ማለት ፈረደው፣ ዳኝነት ሰጠው ማለት መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም እንዲሁ ናቸው፤ በፍርድ አዋቂነታቸው ስማቸው የገነነው ሰው በፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበሩ። እናቴ አይወዱንም ያለቻቸው ፈረስና ፍርድ በአገራችን በአንድ ስም ተጠርተዋል።

ይህን ስነግራት አልመለሰችልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቡሎክ ሆል ወሰድኳት፤ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፣ በ1839 እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ ነጭ ዓምድ ቤት ነው። የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እናት ያደጉበት፣ ታኅሣሥ 1853 እ.ኤ.አ. የተዳሩበት ነው። ምኒልክ ከአሜሪካ ጋር የመጀመሪያውን ውል በ1896 ዓ.ም. ሲዋዋሉ ፕሬዚዳንቱ የዚህ ቤት የልጅ ልጅ ነበሩ። ከአባ ዳኘውም የሜዳ አህያ በስጦታ ተልኮላቸዋል፤ እዚህ አገር ያሉ ሰዎች ከፈረስ ጋር ሊያዳቅሉት ሞክረዋል። እናቴ ዓምዶቹን ትክ ብላ አየችና፣ «ያም ሆኖ የአባባን ፈረስ አልመለሱም» አለች። ልክ ነበረች። መልሱ ሮዝዌልም መጽሐፍም ውስጥ አልነበረም።

መንገዱን ያሳየኝ በየቀኑ የምንናገረው አንድ ቃል ነው፤ «እሰጥ አገባ»። ዛሬ ጭቅጭቅ ለማለት እንጠቀምበታለን። ድሮ ግን የችሎት ቃል ነበር። ጽሑፍ በሌለበት ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ነገረ ፈጆቻቸው፣ ዳኛው ፊት ቆመው በተጠየቅ ይሟገታሉ። አንዱ «በላ ልበልሃ» ብሎ በግጥም ይከፍታል፣ ነጠላውን እያጣፋ፣ ዱላውን እየወዘወዘ ባላጋራውን ያፋጥጣል። ቃሌ እውነት ነው የሚል ሰው ደግሞ በባዶ አፉ አይልም፤ ያስይዛል። ማር እሰጥ ይላል። ነገሩ ሲከርር በቅሎ እሰጥ፣ ፈረስ እሰጥ ይላል። ይህ ውርርድ ነው። የተረታው ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ለዳኛው ነው። ደመወዝ ያልነበረው ዳኛ በዚህ ይኖር ነበርና እንደ ጉቦ አይታይም ነበር። ዛሬም ክስ የሚመሠርት ሰው ለፍርድ ቤት የሚከፍለውን ገንዘብ «ዳኝነት» እንለው የለም?

ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዘጠና ዓመት በላይ ስንረግመው የኖርነው ዳኛ ሌባ ላይሆን ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ዳንግላ አሉ። መስመር እንደ ልብ አይገኝም፤ ስንት ቀን ደጋግሜ ደውዬ አንድ እሑድ አገኘኋቸው። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ስለ ልጄ፣ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ አሜሪካ ብርድ። ከዚያ ጠየቅኋቸው፤ «ጋሼ፣ አባባ ፈረሳቸውን ለውርርድ አስይዘው ነበር?»

ዝም አሉ። ቀጥለውም፣ «ይህን ማን ነገረህ?» አሉ።

«ማንም። አንብቤ ነው።»

«እንግዲህ ስማ ልጄ። የእንግሊዝ ቆንስል እዚህ ዳንግላ ሳለ ነው።» ዘመኑን በዚህ አወቅሁት። ቆንስሉ ሻለቃ ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆዩ ናቸው። «የአንዲት መበለት መሬት ነው ክርክሩ። አባባ ጠበቃዋ ናቸው። ባላጋራቸው አፋቸውን ሊያዘጋ ማር እሰጥ አለ፤ እሳቸው በቅሎ እሰጥ አሉ፤ እሱ ደገመ። ያኔ ፈረስ እሰጥ አሉ። ተረቱ። ምስክሯ ቃሉን አጠፈባቸው።»

«ዳኛው ፈረሱን ወሰዱት ማለት ነው?»

«የለም! ያንተም እናት የኔም እናት ሲሳሳቱ የኖሩት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ፈረስ እሰጥ ሲባል የብር ስም ነው። የፈረስ ተብሎ የተቆረጠ ብር አለ፤ እሱ ይከፈላል። አባባ ብሩ አልነበራቸውም። ዋስ ጠርተው ወጡ፣ ፈረሱን ገበያ አውርደው ሸጡት፣ ተመልሰው ከፈሉ። ዳኛው የፈረሱን ጭራ እንኳ አላየም። ኮርቻውን ተሸክመው በእግራቸው ገቡ። ኮርቻውን እኔ አይቼዋለሁ፤ ጎተራው ሥር ነበር።»

ለምን ሸጡ? የአገው ሰው ፈረስ ለጉግስና ለሠርግ ብቻ አይደለም፤ ያርስበታልም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረሱን የሸጠ ሰው ግማሽ እርሻውን ሸጠ ማለት ነው። ወዳጅ ዘመድ ብሩን ባዋጣላቸው ነበር።

አጎቴ መልሱን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። «ቃሉን ያልከፈለ ነገረ ፈጅ ማን ነገሩን ይሰጠዋል? ብድርም አልፈለጉም። ‹አፌ ያስያዘውን እኔ እከፍላለሁ› ብለዋል።» ከዚያ በኋላም ዓመታት ሙሉ በእግራቸው እየሄዱ ሲሟገቱ ኖሩ። መበለቷ መሬቷን በይግባኝ አስመልሳለች፤ ይግባኙን የተከራከሩላትም እሳቸው ናቸው፣ ያለ ክፍያ። ይህን ከቤታችን ሰው ማንም አልነገረንም። የተረፈልን የተሸጠው ፈረስ ብቻ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሳስብ ሰነበትኩ። አያቴ ያኔ ሕፃን ነበረች። አባቷ በፈረስ ወጥቶ በእግሩ ሲመለስ አየች፤ «ችሎት» የሚል ቃል ሰማች። በልጅ ዓይን ያየችውን ለልጆቿ አወረሰች። አልወቅሳትም። ግን በዚህ ምክንያት አንድ ሐቀኛ ሰው በገዛ ቤተሰቡ አፍ የተዘረፈ ምስኪን ሆኖ ቀረ፤ ስሙን እንኳ የማናውቀው ዳኛም ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ከዘጠና ዓመት በላይ ተረገመ። ሁለቱም በደል ነው።

ለእናቴ ያን ማታ ነገርኳት። አጎቴ ያሉትን ቃል በቃል፣ ኮርቻውንም ሳልተው። መቀነቷን እያጠባበቀች ብዙ ቆየች። «በእግራቸው ነው የሄዱት? እስከ መጨረሻው?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ልጄን ጠራቻትና አጠገቧ አስቀምጣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት።

ስትጀምር፣ «የአባባን ፈረስ ዳኛ በላው» አላለችም። «ምንጅላትሽ ፈረሱን ሸጦ ከፈለ» አለች።