የጉርሱም ሽማግሌዎች ያዩትን ይጻፉልን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድሜ ለጋሼ፤
ሐረር



ይህን የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አልዛስ ከሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ኤንሲስሃይም ከምትባል ትንሽ ከተማ ሆኜ ነው። እኔ ከምኖርበት ከፍራይቡርግ የራይንን ወንዝ ተሻግሮ ቅርብ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን፣ ሜትሮራይት የሚሏቸውን፣ ይሰበስባል። በየዓመቱ ጁን ወር ላይ እዚህ የሚደረገውን የሰብሳቢዎች ገበያ ካላየህ ብሎ ይዞኝ መጣ። ዕድሜ ልክዎን ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሲያስተምሩ የኖሩ እርስዎ ነዎትና ያየሁትን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው?

ገበያው እዚህች ከተማ የሚደረገው በአንድ ድንጋይ ምክንያት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1492፣ በእኛ አገር አፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን፣ ቀትር ሊሆን ሲል ሰማዩ በከባድ ፍንዳታ ተናወጠ። ድምፁ ሩቅ አገር ድረስ ተሰማ፤ ድንጋዩ ሲወድቅ አየሁ ያለው ግን አንድ ልጅ ነበር። ሕዝቡ ልጁ ወዳመለከተው የስንዴ ማሳ ግር ብሎ ሲወጣ፣ አንድ ሜትር ያህል መሬት ሰርስሮ የገባ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ካወጡትም በኋላ ሁሉም እየፈለጠ ወደ ቤቱ ይወስድ ጀመር። የአገሩ ሹም ደርሶ ባያስቆማቸው ኖሮ ዛሬ የሚታይ ነገር ባልተረፈ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ንጉሥ ማክሲሚሊያን መጥቶ አየው፤ ከእግዚአብሔር የተላከ በጎ ምልክት ነው አለና የቀረው በቤተ ክርስቲያን እንዲጠበቅ አዘዘ። ባሲል የነበረው ገጣሚ ሴባስቲያን ብራንትም ወሬውን በግጥምና በሥዕል አሳትሞ በየአገሩ በተነው።

ድንጋዩ አሁን የጥንቱ የአስተዳደር ሕንፃ በነበረው ሙዚየም፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቀረብ ብዬ አየሁት። ግራጫ ነው፤ ጎኑ ተፈልጦ ተፈልጦ ድቡልቡል ወደ መሆኑ ደርሷል። ሲወድቅ 127 ኪሎ ያህል ነበር፤ አሁን ከግማሹም በታች ነው የቀረው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ወደ ኮልማር ተወስዶ ቆይቶ በ1803 ተመልሷል። የሚጠብቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ካባቸውን ለብሰው በገበያው ቀን አዳዲስ ጠባቂዎችን ይቀበላሉ። በአውሮፓ ሲወድቅ ታይቶ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ ድንጋዩም እስከ ዛሬ ከቆየ፣ ከሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።

የገበያው ሕዝብ ከየአገሩ የመጣ ነው። ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች፣ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ከሰሃራ ጠርዝ የመጡ የሞሮኮ ነጋዴዎች፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚጋፉት። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ከናሚቢያው የጊቤዎን ብረት የተቆረጠ ገበታ አየሁ። ፊቱ ተስሎና ተለስልሶ በአሲድ ሲታጠብ፣ የብረቱና የኒኬሉ ቅርጽ እንደ ሰሌን ጥልፍልፍ ሆኖ ይወጣል። ይህ ቅርጽ የሚፈጠረው ብረቱ በሰማይ አካል ሆድ ውስጥ በሚሊዮኖች ዓመታት እያዘገመ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። አንዲት አሮጊትም የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ይዘው መጥተው ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ የድንጋይ ቅጠል አሳዩኝ። ሲታይ በልዩ ልዩ ቀለም የሚያበሩ ደቃቅ ክብ ፍሬዎች የሞሉበት ነው፤ ቀልጠው እንደ ጠብታ ከተንጠባጠቡ ከአራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ምድር ራሷ ገና ተሠርታ ሳታልቅ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ካርዱ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ትንሽ ካርድ አለ፤ የወደቀበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ዓይነቱ፣ ክብደቱ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ተጽፎበታል። ሰብሳቢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ካርዱን ያነባል። አሜሪካዊው ሃርቪ ናይኒንገር ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በየእርሻው እየዞረ ገበሬዎችን ስለ ሰማይ ድንጋይ ሲያስተምርና ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው፤ ባገኘው ድንጋይ ላይ በቀለም የጻፈው ቁጥር ያልጠፋበት ቁራጭ ዛሬ እንደ ቅርስ ይፈለጋል። ቁጥሩ ያስወደደው የድንጋዩን ታሪክ ከመዝገብ ጋር ስለሚያገናኝ ነው።

ሜትሮራይት በደንቡ የሚሰየመው በወደቀበት ወይም በተገኘበት ቦታ ስም ነው። ከሰሃራ የሚወጡት አብዛኞቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቦታቸው ስለጠፋ «ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ» ተብለው ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጣቸው። ከእነዚህ መካከል 7034 የተባለው ከማርስ የመጣ ነው፤ በውስጡ የያዘው ውሃ ከሌሎቹ የማርስ ድንጋዮች አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ ዓለምን አስደንቋል። ለምርምር የበቃውም አንድ ሰብሳቢ ገዝቶ ለዩኒቨርሲቲ ስለሰጠው ነው። በየትኛው አሸዋ ላይ እንደወደቀ ግን ካርዱ አይናገርም።

የምስክር ነገር ቀላል እንዳይመስልዎ። ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ በ1794 ድንጋዮች ከጠፈር ይወድቃሉ ብሎ ሲጽፍ ብዙ ምሁራን አልተቀበሉትም፤ አየን የሚሉት አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩና። በ1803 ኤፕሪል ወር በፈረንሳይ ሌግል በምትባል ከተማ አካባቢ ሦስት ሺህ ያህል ድንጋይ ሲዘንብ፣ ሳይንቲስቱ ዣን ባፕቲስት ቢዮ ተልኮ ሄደ። መንደር ለመንደር እየዞረ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ጠየቀ፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁት ሰዎች ቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩም በዚያው ተዘጋ። ሳይንስ የሰማይን ድንጋይ የተቀበለው የገበሬውን ቃል በክብር የሚጽፍ ሰው ሲገኝ ነው።

በእኛም የአፍሪካ ቀንድ ይኸው የምስክር ነገር አለ። ሶማሊያ ውስጥ ኤል አሊ አጠገብ የሰማይ ስባሪ የሚያህል 15 ቶን የሚመዝን ብረት ነበር፤ እረኞቹ ከአባት ከአያት ጀምሮ ያውቁታል፤ ቢላዋቸውን ይስሉበታል፤ በግጥም ያነሡታል። በፈረንጆች 2020 ከቦታው ተነሣ፤ በኋላም ወደ ቻይና ተወሰደ። ሳይንቲስቶች ከትንሽ ቁራጩ ብቻ በምድር ላይ በተፈጥሮ ተገኝተው የማያውቁ ሦስት ማዕድናት አገኙበት። ብረቱ ሲሄድ የእረኞቹ ቃል ተሟልቶ አብሮት አልተጻፈም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። እርስዎ ካሉበት ከሐረር ብዙ በማይርቀው በጉርሱም በእኛ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የሰማይ ድንጋይ ወድቋል። በዓለም መዝገብ ውስጥ «ጉርሱም» ተብሎ ሰፍሯል፤ ዓይነቱም ከኤንሲስሃይሙ የሚዛመድ፣ በደቃቅ ክብ ፍሬዎች የተሞላ ድንጋይ ነው። መዝገቡ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ክብደቱንና ዓይነቱን ይዟል። ድምፁን የሰሙት፣ ከብቶቻቸው የደነበሩባቸው፣ ወደ ጉድጓዱ የሮጡት ሰዎች ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ አላገኘኋቸውም። በዚያ ቀን ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ነው።

ጋሼ፣ ይህን አደራ የምሰጠው ለእርስዎ ነው። የቀድሞ ተማሪዎችዎ በጉርሱም ሞልተዋል። ሲመችዎ ይሂዱና ሽማግሌዎቹን ይጠይቁልን፦ የት ቆመው ነበር? ሰዓቱ ስንት ነበር? ድምፁ አንድ ነው ወይስ ተደጋጋሚ? ከየት አቅጣጫ መጣ? ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቅ ነበር? ቁራጭ የወሰደ ሰው አለ? የሃይማኖት አባቶችስ ያን ጊዜ ምን አሉ? በኦሮምኛ የነገሩዎትን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ የነገሩዎትን በሶማልኛ ይጻፉት፤ የተናጋሪውም ፈቃድ ይጠየቅ። ቁራጭ የያዘ ሰው ካለ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠው፤ እንዳያጥበው፣ እንዳይሰብረው፣ ማግኔትም እንዳያስጠጋበት፤ ማግኔት ድንጋዩ ከጥንት ይዞት የመጣውን የመግነጢስ ምልክት ያጠፋዋል። ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሰዎች ማሳየት ይቻላል።

ኤንሲስሃይም የአንድ ልጅ ቃል ይዛ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዘልቃለች። የጉርሱም ምስክሮች ግን ገና በሕይወት አሉ፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይጀምሩልኝ። ደብተሩንና የመቅጃውን ወጪ እኔ እልካለሁ።

እትዬን ይሳሙልኝ። ቸር ይግጠመን።

ታናሽ ወንድምዎ